ኖራ ያልሸፈነው ጥቀርሻ

ልጅ ሳለሁ እቤታችን ተረት የሌለበት ማታ አልነበረም። አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ኩበቱን ቆስቆስ አድርገው ባናቸውን ይከናነቡና ስለ ጅቡም ስለ ዝንጀሮውም ያወሩልኛል፤ ሚስታቸው እማማ ደግሞ በኩራዙ ብርሃን የበግ ጠጉር እየፈተሉ ያዳምጣሉ። የአንድ ቤት ወሬ ሲነሳ ግን የእማማ እንዝርት ቀጥ ይላል። መሐል ሜዳ ከተማ ያለው፣ ሰው ሁሉ «የጣሊያን ቤት» የሚለው፣ ያኔ እኔ የምማርበት የድንጋይ ቤት ነበር።

«የምን ጣሊያን! እኔ ነኝ የካብኩት፤ ጣሊያኑማ ጥላ ሥር ቆሞ ያፏጭ ነበር» ይላሉ አባባ።

«ድንጋዩስ የማን ነው? የአባቴ ቤት ፈርሶ አይደል!» ይላሉ እማማ።

«በአህያ ተጭኖ መጣልን፣ ካብነው። ወዲያ!»

የእማማ አባት አርበኛ ሆነው ጫካ ሲገቡ ጣሊያን ቤታቸውን አፍርሷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ድንጋዩ የት እንደገባ ግን የእማማን ቃል የሚቀበል አልነበረም። ጎረቤቱ «ከገደል የተፈለጠ ድንጋይ ነው፤ እሷ ደግሞ ጀመራት» ይላቸዋል። እሳቸውም ገበያ ሲሄዱ በዚያ ቤት ደጃፍ አያልፉም፤ ዞረው ነው የሚሄዱት።

አንድ ማታ እንዲሁ ሳወራ፣ የክፍላችን ግድግዳ በየክረምቱ ኖራ እንደሚቀባ፣ መስከረም ላይ ግን ጥቁሩ መልሶ እንደሚወጣ፣ መምህሩም እርጥበት ነው እንዳሉን ነገርኳቸው። እማማ ጠጉሩን ከጭናቸው ላይ አወረዱ። «ጥቁር ነው ያልሽኝ?»

ቅዳሜ እጄን ይዘው ወደዚያ ቤት ወሰዱኝ። ቤቱ ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። ጥቁሩን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና ጣታቸውን አሸተቱ። የገደል ድንጋይ ጢስ አያውቅም፤ ይህ ግን ዓመት ከዓመት ምድጃ ሲነድበት የኖረ የጥቀርሻ ሽታ ነበር፣ እኔም አሽትቼዋለሁ። እማማ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው አለቀሱ። «አላበድኩም ለካ» አሉ፤ «አባዬ፣ አላበድኩም።»

ያን ማታ ሲነግሯቸው አባባ ኩበቱን ቆስቆስ አደረጉ። ፍሙን እያዩ፣ «ጥቁር ጥቁሩን ፊት ከውጭ እንዳይታይ ወደ ክፍሉ አዙሩት አሉን፣ አዞርነው» አሉ። «ከየት መጣ ብዬ ብጠይቅ ኖሮ እጄ አይታዘዘኝም ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ እማማ።

«በይ እንግዲህ፣ ዛሬ አንቺ አውሪላት።»

ያኔ ነው እማማ የአባታቸውን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወሩልኝ፤ መደቡ በየት በኩል እንደነበር፣ አባታቸው የት ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ እንደነበር፣ ብርድ ሲጠና ጥጆቹ ከልጆቹ ጋር ይተኙ እንደነበር። ኩራዙ ጋዝ ጨርሶ እስኪጠፋ አወሩ። አባባ አንድም ጊዜ አላቋረጧቸውም።

ሁለቱም ካለፉ ቆዩ። ከተማው ዛሬም ስለዚያ ቤት ይከራከራል፤ አንዱ ጣሊያን ሠራው ይላል፣ አንዱ የእኛ ሰዎች ናቸው ይላል፣ እኔንም የካቢው የልጅ ልጅ ነሽ እያሉ ይጠይቁኛል። ማን እንደሠራው ሲጠይቁኝ፣ እኔ ማን ይኖርበት እንደነበር እነግራቸዋለሁ።