ዓለም ልታልቅ የነበረባት ጳጉሜ

ልጅ እያለሁ ዓለም አንድ ጊዜ ልታልቅ ቀን ተቆርጦላት ነበር። እንዲያው ዝም ብሎ አንድ ቀን የሚባል ነገር አይደለም፤ ቁርጥ ያለ ቀን ነበራት፤ ጳጉሜ ስድስት፣ 1999 ዓ.ም.። ማግስቱ መስከረም አንድ፣ ሁለት ሺህ ሊባል ነው፤ ያቺን ሁለት ሺህ የምትባል ቁጥር ግን ማንም በዓይኑ አያያትም ተባለ። ወሬው ከሁሩሙ ገበያ በሚኒባስ መጣ የሚሉ ነበሩ፤ የለም ከኖፓ ነው የሚሉም ነበሩ። ከየትም ይምጣ፣ እኛ ከተማ መቱ ሲደርስ እጅና እግር አውጥቶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ አትወጣም፣ ከሻማ በቀር የሚበራ ነገር የለም ስለተባለ እናቴ ሱቅ ለሱቅ ዞራ አንዲት ሻማ አጥታ ተመለሰች። እስከ ዛሬ የሻማ ሽታ ሲሸተኝ ትዝ የምትለኝ ያቺ ጳጉሜ ናት።

የሚገርመው በዚያው ሰሞን አገሩ በሙሉ በደስታ ሽር ጉድ ይል ነበር። ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ሚሊኒየም፣ ሚሊኒየም ይላል። አስፋልቱ ዳር ባንዲራ ይሰቀላል፣ የሱቅ በር ቀለም ይቀባል። እኛን ተማሪዎቹን ደግሞ በክረምት ጠርተው ሶር ወንዝ ዳር ችግኝ አስተከሉን። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ቤት ስገባ አባቴ አየኝና፣ "ጎሽ፣ ለፍርድ ስትቆሙ ጥላ ይሆናችኋል" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እሱ ይሳቅ እንጂ እኔ አልሳቅሁም። አሥር ዓመቴ ነበር፤ አልጋ ሥር መደበቅ ይጠቅም እንደሆነ ሳስብ ነበር የሰነበትኩት።

በሰፈራችን ስለ ቀንና ስለ ዘመን የመጨረሻው ቃል የየኔታ ጥበቡ ነበር። የኔታ በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው መቱ የቀሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ መሪጌታ ናቸው። ኦሮምኛውን አገሬው እስኪገረም ድረስ ያቀላጥፉታል፤ ሲቆጡ ግን በግዕዝ ነው። ጳጉሜ በገባች ቁጥር ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የሚመጣውን ዓመት በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ። ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል፣ ዘመኑ የማቴዎስ ይሁን የማርቆስ፣ የሉቃስ ይሁን የዮሐንስ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም ጽፈው ለየቤቱ ያድላሉ። እናቴ የእኛን ወረቀት በር ጀርባ ላይ በሊጥ ትለጥፋታለች። ቁጥሩ በግዕዝ ስለሆነ ለቤተሰቡ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ክረምት ክረምት የኔታ ዘንድ ፊደል ስቆጥር አስተምረውኛላ።

በቁጥር ነገር የኔታ ቀልድ አያውቁም። አንድ ጊዜ የልጁ ሠርግ ከጾሙ መግቢያ ጋር የተጋጨበት ሰው አንድ ቅል ሙሉ ማር ይዞ መጥቶ፣ "የኔታ፣ ጾሙን አራት ቀን ብቻ ገፋ ቢያደርጉልኝ" ብሎ ለመናቸው። "ጾሙን ያስገባሁት እኔ መሰልኩህ?" ብለው ከነማሩ አባረሩት። የዓለም ማለቂያ ወሬ ሲደርሳቸውም እንደዚሁ ነው ያደረጉት። ስምንተኛው ሺህ ገባ እያሉ የሚንሾካሾኩትን ሰብስበው፣ "ስምንተኛው ሺህ ከገባ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። እንግዳ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ነው እንዴ እንኳን ደህና መጣህ የሚባለው?" አሏቸው። "ያቺን ቀን የሚያውቃት አንድ እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለሁሩሙ ገበያ አይነግርም።" ሰፈሩ ይህን ሰምቶ ግማሹ ተጽናና።

እትዬ በዳቱ ግን አልተጽናኑም። እትዬ በዳቱ የጓደኛዬ የለሊሴ እናት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ገበያ ላይ ቅቤና ማር እየቸረቸሩ አንዲት ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ለሊሴና እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው፤ አንድ እርሳስ ለሁለት ሰብረን፣ ከአንድ ኪስ ቆሎ እየበላን። በመስከረም አምስተኛ ክፍል ልንገባ ነው። እትዬ በዳቱ ግን ልጄን አላስመዘግብም አሉ። "ዓለም ልታልቅ የምን ትምህርት ነው?" ይህም ሳይበቃቸው፣ ሞትም ቢሆን ከዘመድ ጋር ይሻላል ብለው ለሊሴን ይዘው ዳሪሙ፣ ወንድማቸው ዘንድ ሊገቡ ዕቃቸውን ቋጠሩ። ዳሪሙ ገጠር ነው፤ የለሊሴ የአጎት ልጆች፣ ሴቶቹ ሁሉ፣ አራተኛም አምስተኛም ክፍል ላይ አቋርጠው ተድረዋል። ዓለም አለቀች አላለቀች፣ ለሊሴ ዳሪሙ ከገባች ወደ ትምህርት ቤት እንደማትመለስ ለእኔም ለልጅቷ ገብቶኝ ነበር። አባቴ ሄዶ ቢያናግራቸው፣ "እናንተ ተማርን ባዮች እግዜርን ረስታችኋል" ብለው መለሱት።

ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ስለሚባል፣ ሰማዩ ጉሩምሩም ማለት ሲጀምር የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ግር ብሎ ደጅ ወጣ። አቤት የዚያ ቀን ሽታ! የራሰ የቡና ቅጠል፣ የራሰ አፈር፣ ከባሕር ዛፉ የሚነሳው ነገር። አሳድገን፣ አሳድገን እያልን በጭቃው ላይ እንዘላለን። ለሊሴ ግን አትዘልም፤ አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ ቆማለች። ጠጋ ስላት፣ "ከነገ ወዲያ ጠዋት እንሄዳለን" አለችኝ። ከነገ ወዲያ ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን ነበር።

"ካለቀች ዳሪሙም አብራ ታልቅ የለ እንዴ?" አልኳት።

"እሱን ለእማ ብነግራት በጥፊ አጮለችኝ።"

የዓለሙን ነገር እንጃ፤ እሷ ከዴስኬ ስትጠፋ ግን ታየኝ። እዚያው ዝናቡ ውስጥ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ ከነእርጥብ ልብሴ ወደ የኔታ ቤት ሮጥኩ። የኔታ የሁለት ሺህን ወረቀቶች ዘርግተው ቀለም ሲያጠቅሱ ደረስኩ።

"የኔታ፣ ቀኑን ያስተላልፉልኝ!"

"የምኑን ቀን?"

"የዓለም ማለቂያውን!" አልኩና የለሊሴን ነገር እየተንሰቀሰቅኩ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሌላ ቀን ካልተነገራቸው እትዬ በዳቱ ከሐሳባቸው እንደማይመለሱም ነገርኳቸው።

የኔታ ፊታቸው ተቀየረ። "ታዲያ እኔ ቀን ልፍጠርላት? ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ጣት ስቆጥር አንዲት ቀን አልሰረቅኩም፣ አንዲት ቀን አልጨመርኩም" አሉኝ። ተቆጡኝ ብዬ ይብስ አለቀስኩ። እሳቸውም ብዕራቸውን አስቀመጡ። በኋላ፣ "ስንተኛ ክፍል ነው የምትገቡት?" አሉ። አምስተኛ አልኳቸው። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ አንጓ ላይ ወጣ ወረደ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ፋሲካን የሚያሰሉ ነበር የመሰለኝ። "በይ ሂጂ ልብስሽን ቀይሪ፣ ብርድ ይመታሻል" ብለው አስወጡኝ።

ዝናቡ ሳያባራ በዚያው ቀን ጃንጥላቸውን ይዘው እትዬ በዳቱ ቤት መጡ። እኔና ለሊሴ ከመጋረጃው ጀርባ ተሸጉጠን ሰማን።

"በዳቱ፣ ቁጥር አውጥቻለሁ" አሉ ሳይቀመጡ። "ይኼኛው ጳጉሜ አይደለም። አራቱ ወንጌላውያን ገና ሦስት ዙር ይዞራሉ። በሦስተኛው ዙር፣ የሉቃስ ዘመን ሲያልቅ፣ ጳጉሜ ስድስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ።"

እትዬ በዳቱ ዓይናቸውን አፈጠጡ። "ማሎ፣ ማሎ የኔታ፣ እውነትዎን ነው?" አሉ፤ ሲለማመጡ በኦሮምኛ ነው።

"መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?" አሉ የኔታ። ይህን ሲሉ ግን የሚያዩት እትዬ በዳቱን አልነበረም፤ ከጃንጥላቸው የሚንጠባጠበውን ውኃ ነበር።

"ታዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅቷን ምን ላድርጋት?"

"አስቀምጠሽ ልታሰለቺያት ነው? አስመዝግቢያት እንጂ!" ከዚያ የታጠፈች ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አወጡ። "ቁጥሩ እዚህ ላይ አለ። ቀኑ እስኪደርስ እንዳትከፍቺው፣ ለሰውም እንዳታሳዪ።" እትዬ በዳቱ ወረቀቷን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሟት፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለውም ሳጥናቸው ታች ከተቷት።

ጳጉሜ አምስት ለሊሴ ተመዘገበች። ጳጉሜ ስድስት ደመናም ጭጋግም የሌለበት ቀን ሆኖ ዋለ። መስከረም አንድ ፀሐይ እንደ ልማዷ ወጣች፤ አደይ አበባችንን ይዘን ከቤት ቤት ዞርን። የኔታ ግን ያን መስከረም ሙሉ ደጃቸው ላይ አልተቀመጡም። ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ብቻቸውን ሲሰግዱ፣ ተነስተው ደግመው ሲሰግዱ፣ ላባቸው ጠብ ሲል እናይ ነበር። ምን ሆነው ነው ብዬ ለሊሴን ብጠይቃት፣ "ዓለም ስላላለቀች እያመሰገኑ ነዋ" አለችኝ። እኔም አመንኩ።

እትዬ በዳቱ ከዚያ ወዲህ ዓመት የሚቆጥሩት ወደ ኋላ ሆነ። ስምንት ቀረን፣ ሰባት ቀረን ይላሉ። ለሊሴ አሥረኛ ክፍል ስትደርስ ደህና ቤት ያለው ሰው ሽማግሌ ቢልክ፣ "ዓለም ልታልቅ ስድስት ዓመት ቀርቷት አሁን ደግሞ የምን ትዳር ነው!" ብለው ሽማግሌዎቹን በር ላይ መለሷቸው። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። የኔታ ግን ይህን አልሰሙም፤ ዘጠነኛ ክፍል እያለን አርፈዋል። ከእሳቸው በኋላ ደጃቸው ላይ ተቀምጦ ዓመት የሚቆጥር አልመጣም፤ የበራችን ጀርባም ባዶውን ቀረ።

ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሰኔ ለሊሴ በአዋላጅ ነርስነት ተመረቀች፤ እኔም አስተማሪ ሆኜ ነበር። ጳጉሜ ስድስት ጠዋት እትዬ በዳቱ አስጠሩኝ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ቤቱን ጠርገው ጠብቀውኛል። "ዛሬ ነው" አሉ ረጋ ብለው። "ይምጣ እንግዲህ፣ ልጄ ከጎኔ ናት።" ከሳጥናቸው ጨርቁን አውጥተው ፈቱና የግዕዝ ቁጥር የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ወረቀቷን ለእኔ ሰጡኝ።

ከፈትኳት። የሚታወቀው ጥቁር ቀለም፣ የሚታወቀው የየኔታ ጽሕፈት። የጾም መግቢያ የለ፣ ፋሲካ የለ፣ ወንጌላዊ የለ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ፭፣ ፮፣ ፯ እያለ እስከ ፲፪ ይሄዳል። ከሥሩ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬። ከሁሉ በታች በቀይ ቀለም አንዲት ቃል፤ ተፈጸመ።

መስመሮቹን በጣቴ እየተከተልኩ ደግሜ ቆጠርኳቸው። "እትዬ፣ ይሄ የዓለም ቁጥር አይደለም" አልኩ እንደምንም። "የለሊሴ ክፍል ነው። ከአምስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ፣ ከዚያ የዩኒቨርስቲው አራት ዓመት። የኔታ የቆጠሩት እስክትመረቅ ያለውን ነው።"

ለሊሴ ወረቀቷን ከእጄ ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። "ዋሹኝ?" አሉ እትዬ በዳቱ፣ ልክ እንደ ሕፃን። "እኚያ ሰውዬ ዋሹኝ?" ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ያ ሁሉ ስግደት! መስከረም ሙሉ! ለካ ቀኖና ተቀብለውበት ኖሯል! ለእኔ ልጅ ብለው!" አሉና እየሳቁ አለቀሱ። ሦስታችንም አለቀስን። በዚያው ተነስተን የየኔታ መቃብር ላይ ሄደን ዋልን፤ የለሊሴን የምረቃ ፎቶ ይዘን።

ዛሬ ለሊሴ ሁሩሙ ናት፤ የስንቱን ልጅ እንዳዋለደች እሷም አታውቀውም። የዓለም ማለቂያም እንደ ድሮው በሚኒባስ አይመጣም፤ በስልክ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ከነቪዲዮው። የዘንድሮው ደግሞ ከወሬም ያለፈ የሚመስልበት ቀን አለ፤ መንገዱ ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲጠፋ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ። ፋሲካ በስንት እንደሚውልም ስልኩ ይነግረኛል። እንዴት አድርጎ እንደቆጠረው ግን አይነግረኝም፤ ስለ ልጄም ክፍል አይጠይቀኝም። የኔታ ሆይ፣ እንዴት እንደናፈቁኝ!

ባለፈው ጳጉሜ ልጄን አንደኛ ክፍል አስመዘገብኳት። ቤት ስገባ ቁራጭ ወረቀት ፈልጌ ከ፩ እስከ ፲፪ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬። በር ጀርባ ላይ በሊጥ ለጠፍኳት። ቀዩን ቃል አልጻፍኩትም፣ ቦታውን ግን ትቼለታለሁ። ከዚያ በፊት ልምጣ የሚል የዓለም መጨረሻ ካለ፣ ተራውን ይጠብቅ፤ ልጄ ተመዝግባለች።