አንቀጽ ዘጠኝ

አየሁሽ ኮኪት ከተማ ውስጥ በአንድ የሰሊጥ ማበጠሪያ መጋዘን ጸሐፊ ናት። ጎንደር የተቀመጠ ጠበቃ ያዘጋጀውን አሥራ አራት ገጽ የሥራ ደንብ የተየበችውም እሷ ነበረች፤ ስትተይበው ግን ምን እንደሚል ልብ አላለችውም።

በኅዳር ከወሎ ለሥራ የመጣችው ታይቱ ከማበጠሪያው ሥር ገለባ ስትጠርግ የሚዞረው የሞተር ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ነጠላዋን ያዘው። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ቺንጋውን የሚሸፍነው የብረት መከለያ ከተነሣ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ንብረት አየሁሽን ጠርቶ የስንብት ደብዳቤ እንድትጽፍ አዘዛት።

«ለማን?» አለችው።

«ለታይቱ። አንቀጽ ዘጠኝን ጥሳለች። ሠራተኛው ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ይላል።»

«ተገቢው ጥንቃቄ ምንድን ነው?»

«ይታወቃል።»

«የተየብሁት እኔ እንኳ አላውቀውም፤ እሷ በምን ታውቀው?»

ደብዳቤውን አልጽፍም ብላ፣ ደንቡን እንደያዘች ወደ ሠራተኞቹ ወጣች። አንቀጽ ዘጠኝን አንብባላቸው ምን እንደገባቸው ጠየቀች። አንዱ «ሰሊጡ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ ነው» አለ። ሌላዋ «ቶሎ ቶሎ ሥሩ ነው መሰለኝ» አለች። ቺንጋውን ያነሣ አልነበረም።

ከሰዓት ተቀምጣ በአንቀጽ ዘጠኝ ፋንታ አንድ ገጽ ጻፈች። «ቺንጋ ሲዞር ማንም ከሥሩ አይጠርግም። ነጠላ ለብሶ ማሽን አጠገብ መቆም አይቻልም። ከመጠረጉ በፊት የማሽን ሠራተኛው አቶ አበባው ማሽኑን ያጠፋል። መከለያ ሳይኖር ማሽኑ ከሠራ ተጠያቂው ሥራ አስኪያጁ ነው።»

በሳምንቱ የመጋዘኑ ባለቤት ጋሽ ደሞዝ ከጎንደር መጡ። ወረቀቱን አንብበው የመጨረሻውን መስመር ሰረዙት።

«ይኸ ይቅር፣ ልጄ። ሌላው ጥሩ ነው።»

«ጋሽ ደሞዝ፣ የሠራተኛውን ግዴታ ሁሉ እንዳለ ትተው የአለቃውን ብቻ ከሰረዙ፣ ነገም የምትባረረው ክንዷ የተሰበረባት ናት። በዚህ ላይ ማኅተም አላሳርፍም። ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ።»

ሽማግሌው ወደ ንብረት ዞሩ። «መከለያው የት ነው?»

«ጥገና ላይ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጋሽ ደሞዝ መልሱን ሳይጠብቁ የሰረዙትን መስመር በገዛ እጃቸው መልሰው ጻፉት፤ ፈረሙበትም።

የስንብት ደብዳቤው ሳይጻፍ ቀረ። ታይቱ ግን ወደ ሥራው አልተመለሰችም፤ ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ ወንድሟ መጥቶ ወደ አገሯ ወሰዳት። መናኸሪያ ስትሸኛት አየሁሽ የአዲሱን ደንብ ነገር ነገረቻት።

«ደግ አደረግሽ፣ እኅቴ» አለቻት ታይቱ።

አየሁሽ ምስጋናውን መቀበል አቃታት። ያን አንድ ገጽ ለመጻፍ የፈጀባት ግማሽ ቀን ብቻ ነበር፤ ደንቡን በተየበች ጊዜ ልትጽፈው ትችል ነበር።