ግራኙ ቀድሞ የመጣበት ዓመት

ለሌላው ሰው ዓመቱ የሚጀምረው በመስከረም ነው። የእኔ የሚጀምረው ግን ዳጉሳው ታጭዶ፣ የሜዳው ሣር በከብት ተግጦ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰው የገና ዱላውን ይዞ ሲወጣ ነበር። ጨዋታው እንዳለቀም የሚቀጥለውን መጠበቅ እጀምራለሁ። ሚስቴ "በዓሉ ትናንት አልፎ ዛሬ ስለሚመጣው ታወራለህ፤ መቼ ነው ስለ ቤትህ የምታወራው?" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው።

ተጫዋች እንዳልመስላችሁ። እግሬ ከባድ ነው፤ ዱላዬም እሩሯን፣ ያቺን ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል፣ ትቶ የሰው ቁርጭምጭሚት ይመታል። ስለዚህ በጊዜ ተውኩትና ተመልካች ሆንኩ። ግን እንደ እኔ ያለ ተመልካች ያ አገር አላየም። ሰፈራችን ከቡለን በላይ፣ ደጋው ወደ ቆላው ቁልቁል በሚልበት ጠርዝ ላይ ነው። ክረምት ከበጋ በጫካው ስሄድ ዓይኔ የሚፈልገው ጫፉ ጎበጥ ያለ የወይራ ቅርንጫፍ ነበር። ካገኘሁ ለማንም አልናገርም፤ የላይ ሰፈር ሰው እንዳይቆርጠው ቁጥቋጦ እሸፍንበታለሁ። የተቆረጠውን በእሳት ለብልቤ፣ ጮማ ቀብቼ፣ ከምድጃው በላይ ጭስ እንዲጠጣ እሰቅለዋለሁ። ሚስቴ ከበታቹ ወጥ ስትሠራ ዱላው ጮማውን ድስቷ ውስጥ ያንጠባጥባል፤ በዚህም ስንጣላ ኖረናል።

ይህን ፍቅር ያወረሰኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። በጉልምስናው ታች ሰፈር እንደ እሱ ያለ መቺ አልነበረውም። በኋላ የዓይን ሕመም ገባበትና ሁለቱንም ዓይኑን ወሰደበት። ያን ጊዜም ሜዳ መውጣቱን አልተወም። ከዳር አስቀምጠውና ጨዋታውን በጆሮው እነግረዋለሁ፦ እሩሯ አሁን እገሌ ዘንድ ናት፣ ወደ ግራ ወጣች፣ ተመለሰች። ስዘገይ በክርኑ ይጎሽመኛል። ስሳሳት ያውቅብኛል፤ በድምፁ ማን እንደመታ ይለያልና። አንዳንዴም ዓይናማው እሱ፣ ዕውሩ እኔ እየመሰለኝ እናደድ ነበር።

ላይ ሰፈሮች ለዓመታት አሸንፈውናል። በገና ደግሞ የተሸነፈ ሰፈር እስከ ጥምቀት ድረስ ስድብ በግጥም ይቀበላል፤ ምንም ቢሰደብ መቆጣት አይችልም። ይህን ሁሉ የቀየረው ከታች ከቆላው ማር ይዞ የሚወጣ አንድ የሺናሻ ሰው ነው። እኔ ቤት ያድራል፤ ወዳጄ ነው። ባለፈው ዓመት ጨዋታውን ሲያይ ቆይቶ "እኔ ልምታ" አለ። አንድ ተጫዋች ቆስሎ ወጥቶ ስለነበር ዱላ ሰጡት። በግራ እጁ ያዘና ማንም ባልጠበቀው በኩል ዞሮ እሩሯን መታት። ያን ቀን አንድ ለአንድ ተለያየን። ከዚያ በኋላ ስሙ ግራኙ ሆኖ ቀረ።

ወንድም ጋሼ ያቺን ምት ሲሰማ እጄን ጨብጦ "ይህ ማነው?" ብሎ ነበር። ክረምቱን በሙሉ ስለዚያች ምት አወራን። ሌሎቹ ሲመቱ ቀጭን ድምፅ አለው፤ የግራኙ ግን ወፍራም ነው፣ ከመሬት የሚወጣ፣ ይላል። እኔ ልዩነቱ ብዙም አይገባኝም፤ ግን "አዎን" እያልኩ እሰማዋለሁ።

በዚያው ክረምት ማብቂያ ንዳድ ያዘው። ይተወዋል፣ ደግሞ ይመለስበታል። በሚተወው መሀል ሰውነቱ እያለቀ ሄደ። አንድ ቀን ከደጃፍ ፀሐይ ሲሞቅ "ሌላ ምንም አልፈልግ፤ የዚያን ሰው ምት አንድ ጊዜ ልስማ" አለኝ። ተስፋ ልሰጠው ፈለግሁ፤ ግን እጁን ሳየው በዓሉ ድረስ መቆየቱን ተጠራጠርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ መጠበቅ ሌላ መጠበቅ ሆነ። ድሮ ቀኑ ቶሎ እንዲመጣልኝ እመኝ ነበር፤ አሁን እንዲቸኩል መለመን ጀመርኩ።

በጥቅምት አንድ የቤርታ ነጋዴ ከአሶሳ በኩል ጨርቅና ዶቃ በአህያ ጭኖ በደጃችን አለፈ። በግራኙ መንደር በኩል የሚመላለስ ሰው ነው። "ግራኙ ሰላም ብሎሃል። ገና ደረሰ ወይ ብለህ ጠይቅ ብሎኛል" አለኝ። እኔ ሳልመልስ ወንድም ጋሼ ከመደቡ ላይ ሆኖ "ገና ነው በለው" አለ። ነጋዴውም "ገና ነው። ወላሂ እነግረዋለሁ" ብሎ አህያውን ነዳ።

በእኛ አፍ ነገሩ ግልጽ ነው። "ና" ሲላላ ቀኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ራሱ ነው። ነጋዴው ግን አማርኛ የተማረው በገበያ ነው፤ ግራኙም እንደዚሁ። ቃሉ ከወንድም ጋሼ አፍ ላልቶ ወጣ፣ በሁለት ሰው አፍ ሲያልፍ ጠብቆ ደረሰ።

በኅዳር መግቢያ፣ ሜዳው ሣሩ ገና ወገብ ድረስ ሆኖ፣ ግራኙ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ላብ በላብ ሆኖ ከች አለ። ቆሞ ግራ ቀኝ አየ።

"ሰው የት አለች?" አለኝ። ወንዱን ሁሉ በሴት ይጠራ ነበር፤ የእኔን ሺናሽኛ ቢሰሙ ግን ሰፈሩ በሙሉ ይስቅብኝ ስለነበር አላርመውም።

"የምን ሰው?"

"ገና ነው ብላችሁ ላካችሁ። ዳጉሳዬን ለዝንጀሮ ትቼ ሮጥኩ።"

ሲገባኝ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ሰውየው አዝመራውን ጥሎ መጥቷል። ላስረዳው ስሞክር ወንድም ጋሼ ከውስጥ ድምፁን ሰምቶ ኖሮ "ማነው? እሱ ነው?" አለ። ግድግዳውን እየዳበሰ ለመነሣት ሲታገል አየሁት። ከሳምንት በላይ ከመደቡ ወርዶ አያውቅም።

ምቱን አንድ ጊዜ ለመስማት እንደሚመኝ በሹክሹክታ ስነግረው ግራኙ ዱላውን ከትከሻው አወረደ። "መሬት የት አለች? ልምታላት" አለኝ።

ሜዳው አይሆንም። የሚሆነው ሚስቴ ለውቂያ ብላ በእበት ለቅልቃ ያደረቀችው አውድማ ብቻ ነው። ልነግራት ስሄድ ነገሩ ገብቷት ነበር። አውድማዋን አየች፣ እኔን ገላመጠችኝ፣ ከዚያ በርጩማውን ራሷ አንሥታ ለወንድም ጋሼ ዳር ላይ አስቀመጠችለት። ጋቢውንም አለበሰችው፤ እኔም ደግፌ አውጥቼ አስቀመጥኩት።

ጎረቤቴን ጠራሁና ሦስት ሆንን። እኔና ጎረቤቴ በአንድ ወገን፣ ግራኙ ብቻውን በሌላ ወገን። ዱላዬን ካነሣሁ ዓመታት አልፈዋል። ገና ስመታ ወንድም ጋሼ "ይህ ያንተ ነው፤ መሬቱን ገደልከው" አለ። ጎረቤቴ ሳቀ። ቀጥሎ ግራኙ ዞረና መታት። እሩሯ ከአውድማው ወጥታ አጥሩን ጥሳ ከዳጉሳው ውስጥ ገባች። ወንድም ጋሼ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ድምፁ ካለፈ በኋላም ማዳመጡን ቀጠለ። "ድገምለት" አልኩ። ደገመለት። እየሮጥን እናመጣለን፣ እሱ ይመታል። የተለቀለቀው አውድማ ተሰነጣጠቀ፤ ሚስቴ ስንጥቁን አየት አድርጋ የወንድም ጋሼን ጋቢ አስተካከለች። እኔም በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ግራኙ ዳጉሳውን ለማዳን ወደ ቆላው ወረደ። ስንሰነባበት የገናን ቀን አፌን ሞልቼ፣ ከሚያውቀው የገበያ ቀን እያያያዝኩ አስረዳሁት።

ወንድም ጋሼ ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ ሞተ። ቀበርነው፤ አርባውንም አወጣን።

ገና ሲደርስ ሜዳ ላለመውጣት ወስኜ ነበር። ሐዘንተኛ ጨዋታ ሲያይ ሰው ምን ይላል ብዬ ነው፤ ደግሞም በጆሮው የምነግረው ሰው የለኝም። ሚስቴ ነጠላዬን አቀብላኝ "ሂድ፤ ቤት ቁጭ ብለህ ምን ልታደርግ ነው" አለችኝ። ሄጄ ከሰው ኋላ ቆምኩ። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ግራኙ ከቆላው መንገድ በቀጥታ ሜዳ ገባ። ከስቷል። ከሰፈራችን ሰው ጋር ቆሞ ለማውራት ጊዜ አልነበረውም፤ ዱላውን ይዞ ተቀላቀለ።

ፀሐይ ሲያዘነብል እሩሯን በግራው ዞሮ ከላይ ሰፈር ድንበር አሻገራት። ከስንት ዓመት በኋላ አሸነፍን። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ጎረምሶቹ ሊሸከሙት ተሻሙ። እሱ ግን በመሀላቸው እየተሹለከለከ ወደ እኔ መጣ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከአጠገቤ ያለውን ባዶ ቦታ አላየም፤ የሚያየው እኔን ነበር።

"ወንድምህ ሰማች?" አለኝ።

"ሰምቷል" አልኩት።