ዛሬ ማለዳ ያባረሩኝ አባት

"ቁሚ!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ፤ ቀጥሎም የሚሮጥ ሰው ኮቴ።

ገና ጎህ መቅደዱ ነበር። ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ከእኛ በቀር ማንም የለም። ዞሬ ሳላይ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

እኔ የእርምጃ ተወዳዳሪ ነኝ። በእኛ ውድድር መሮጥ ክልክል ነው፤ ሁሌም አንድ እግር መሬት መንካት አለበት። ብታምኑም ባታምኑም፣ ነፍሴን ላድን ስል እንኳ ሕጉን አክብሬ ነው የፈጠንኩት። ክፉ ልማድ!

ደርሰው ክንዴን ሲይዙኝ ዞርኩ። ቅድም ደጃቸው ላይ ቆመው፣ ልምምዴ እንዳይቋረጥ ብዬ "እንደምን አደሩ" ሳልል ያለፍኳቸው ሽማግሌ ናቸው።

"ልጄ፣ በማለዳ ሰላም ሳይል እንዲህ የሚቸኩል ሰው መርዶ ይዞ ነው። ልጃችን ከቤት ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። የእኛ እንደሆነ እዚሁ ለእኔ ንገሪኝ፤ እናቱ አትስማ።"

"ኧረ አባቴ፣ ማንም አልሞተም! ስፖርት ነው!"

"ተመስገን" ብለው መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

ደግፌ ወደ ቤታቸው መለስኳቸው። ባለቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። "ሁሉም ደህና ነው እናቴ" ብላቸውም፣ እጃቸው ነጠላውን ሊያቃና እሺ አላላቸውም።

እናንተስ ሳታውቁት ሰው ያስደነገጣችሁበት ቀን አለ? እስቲ ጻፉልኝ።

እኔ ነገም በዚያ ደጅ ነው የማልፈው። እንደገና እንዳላስደነግጣቸው ከአሁኑ ፈርቻለሁ።