ጠባሳ የሌለው ልብ

እህቴ ልቧ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ያወቀችው በሠላሳ ዓመቷ፣ ሻርጃ ውስጥ ነው። ቀዳዳው ግን አብሯት የተወለደ ነበር። ወሎ እያለን ውሃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ዳር ቁጭ ስለምትል ሰነፍ ይሏት ነበር። ሻርጃ ደግሞ በሰው ቤት ስትሠራ፣ የልብስ ቅርጫት ይዛ ደረጃው መሃል በቆመች ቁጥር አሠሪዋ ማዳም «ያላ፣ ቶሎ በይ» ትላታለች። አብረን ስንወጣ የአውቶቡስ በር ሊዘጋ ሲል ብናይ እንኳ ሮጣ አታውቅም፤ «የሚቀጥለውን እንጠብቅ» ትለኛለች። እኔም ዝግታ ተፈጥሮዋ ነው ብዬ ለምጄው ነበር።

ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ራጅ ስትነሳ ልቧ ሰፍቶ ታየ። የልብ ሐኪሟ ሶርያዊት ነበረች። ከመሳቢያዋ ቀዳዳውን የሚደፍነውን ዕቃ ናሙና አውጥታ መዳፋችን ላይ አስቀመጠችልን። ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ነው፤ በአጭር ወገብ የተያያዙ ሁለት ክብ ወንፊቶች። ሲስቡት እንደ ክር ይቀጥናል፣ ሲለቁት ተመልሶ ክብ ይሆናል። በጭን ሥር በሚገኘው ደም ሥር፣ በቱቦ ሽቅብ ተገፍቶ ልብ ይደርሳል። አንዱ ክብ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሌላው ከወዲህ ይከፈትና ቀዳዳውን መሃል አድርገው ይዘጉታል። ደረት አይከፈትም። ከጥቂት ወራት በኋላ የራሷ ሥጋ ይሸፍነዋል አለችን።

እህቴ በጣቷ እየሳበች እየለቀቀች፣ «ድርብ ቁልፍ ነው እኮ፣ የሸሚዝ» አለችኝ።

ሐኪሟን የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠባሳ ይኖረዋል ወይ? አጅማን ከተማ የተማሪ አውቶቡስ ለሚነዳ ያገራችን ልጅ ታጭታ ነበር፣ ኒካህ የሚታሰርበት ቀንም ተቃርቧል። የመርፌ ምልክት ብቻ፣ እሱም ይጠፋል ስትላት እህቴ ፊቷ በራ። ያኔ ያስደሰታት ነገር ነው በኋላ የበላት።

ወጪውን ሆስፒታሉ ያገናኛት የዘካ በጎ አድራጎት ድርጅት ሸፈነላት። ገብታ በማግስቱ ወጣች። ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ፣ ስድስት ወር ደግሞ እንዳታረግዝ ተነገራት። እጮኛዋ በስልክ ጤናሽ ይቅደም አላት።

እስክታገግም ዱባይ፣ ኢንተርናሽናል ሲቲ የሚባለው ሰፈር፣ እኔ ቢድ ስፔስ፣ አንድ አልጋ ብቻ፣ ወደተከራየሁበት ክፍል አመጣኋት። አልጋዬን ለቀቅኩላት። የክፍላችን ታላቅ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት የወሎ ሴት፣ አጥሚት እየሠራች ልብሷን እያጠበች ተንከባከበቻት። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው።

ባገራችን ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ሲጠየቅ ቁስል ይታያል። እንቅርቷን ያስወጣች ጎረቤታችን ጠያቂ በገባ ቁጥር ሻርፗን ገለጥ ታደርግ ነበር፣ ያየም ከንፈሩን ይመጥጥ ነበር። የክፍላችን ሴቶችም ሙዝና ጭማቂ ይዘው እህቴን ሲከቧት እትዬ ጠጋ አለች።

«እስቲ የተቀደድሽውን ልየው።»

«አልተቀደድኩም እትዬ። በጭኔ በኩል ነው የገባው።»

«ልብ ውስጥ? በጭን?»

እህቴ ስልኳን ከፍታ፣ ሽቦው ከገባ በኋላ የተነሳችውን የራጅ ፎቶ አሳየቻት። እትዬ በሁለት ጣቶቿ አሰፋችው፣ ደግማ አሰፋችው። የጎድን አጥንቱ ሁሉ ከስክሪኑ ወጥቶ ሽቦው ብቻ ቀረ።

«ሽቦ ነው» አለች።

«አዎ። ሐኪሟ ስድስት ወር እንዳላረግዝ ብላኛለች።»

ላይኛው አልጋ ላይ ፀጉሯን የምትሠራው ልጅ እጇ ቆመ።

«ስድስት ወር ብቻ?» አለች እትዬ። «ያገራችን ሉፕ እንኳ አሥር ዓመት ያገለግላል።»

የማኅፀኑን፣ የወሊድ መከላከያውን ማለቷ ነው። ሴቶቹ ሳቁ። እህቴም ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል።

እትዬ ግን አልቀለደችም። በዚህ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ምን ሊደርስባት እንደሚችል ታውቃለች፣ ብዙዎችንም በዝምታ አስታማለች። አጅማን ላለች ዘመዷ በድምፅ የላከችውን መልእክት በኋላ ሰማሁት። ድምፅዋ ሐዘን ነበረው። ሽቦው የማኅፀን ነው፣ አሠሪዎቿ ቤት የደረሰባት ነገር አለ፣ ልጅቷ ላይ እንዳትፈርጂባት፣ ልቤ ነው ብላ መሸፈኗም ብልህነት ነው፣ ወላሂ እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር ትላለች። ዘመዷ ለእህቴ እጮኛ ወንድም ሚስት ነገረች፤ ከዚያ ወሎ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀም።

እህቴ ይህን ሳታውቅ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማዳም ደረቷን በዓይኗ ፈተሸችና ምንም ስታጣ፣ «ኸላስ፣ አበቃ፣ ድነሻል» ብላ ምንጣፍ አስጠቀለለቻት።

በወሩ ገደማ፣ አንድ አርብ፣ እጮኛዋ አጅማን ባሕር ዳር ጠራት። አብሬያት ሄድኩ። የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጡ፣ እኔም ጥቂት ራቅ ብዬ። ክፉ ሰው አይደለም። የአውቶቡሱን ቁልፍ በጣቶቹ መሃል እያዞረ፣ እናቱ መደወሏን፣ ቤተ ዘመድ መሰብሰቡን፣ እሱ ራሱ ግን እንደሚያምናት ነገራት። ሐኪሟን አነጋግራት አለችው። ሐኪም የታካሚን ምስጢር ይጠብቃል፣ እውነቱን አትነግረኝም አላት። ከወንድሙ ሚስት ጋር ክሊኒክ ሄዳ ማኅፀኗን ብትታይ ግን ነገሩ ሁሉ ያበቃል አላት።

«አንዴ ታይተሽ ብቻ። ለእኔ አይደለም፣ ለእነሱ ነው።»

እህቴ ዓይኗን ከባሕሩ ወደ እሱ መለሰች።

«ደረቴን ሰንጥቀውኝ ቢሆን ታምኑኝ ነበር?»

አሰበበት። መዋሸት አይችልም።

«አዎ» አላት። «ጠባሳው ይታያላ።»

ሲያጫት ያሰረላትን የአንገት ወርቅ ፈታች። ሐኪም ቤት አውልቂ ሲሏት፣ እስክትወጣ በመዳፌ ጨብጬ የጠበቅኩላት እሱን ነው። በሁለቱ መሃል ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው።

«ሌላ የምገልጠው የለኝም» አለችው።

መልሶ እንዲገፋላት ጠበቅኩ። አልገፋውም፤ አላነሳውምም። ወርቁን እያየ ተቀመጠ፣ እኛ ሄድን።

ሰሞኑን ከምሠራበት ፋብሪካ ስመለስ፣ የሠራተኛ ሰርቪስ ውስጥ፣ ስለዚያ ድርብ ቁልፍ ስልኬ ላይ ግጥም ጀምሬ ነበር። ቀዳዳ ስለሚደፍን ብልሃት የተጻፈ፣ ምስጋና የበዛበት ነገር። አሁን ከባሕሩ ዳር እየተራመድኩ አጠፋሁት።

አውቶቡስ ጣቢያው ጋ ስንቃረብ በሻርጃ በኩል የሚያልፈው የዱባዩ አውቶቡስ ሊነሳ ነው። እንደ ልማዳችን የሚቀጥለውን እንጠብቅ ልላት ዞር ስል አጠገቤ የለችም። አባያዋን በአንድ እጇ ሰብስባ ትሮጣለች። በሕይወቴ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ልደርስባት ሞከርኩ፣ ጎኔን ወጋኝ፣ ወደ ኋላ ቀረሁ።

ስደርስ በሩን በክንዷ ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ትንፋሿ ግን ጸጥ ያለ ነበር።

«ነይ እንጂ» አለችኝ፤ «ምን ታዘግሚያለሽ?»