ሣጥኗ የተናገረች ዕለት

ባንተአምላክ ተቀምጦም የማያርፍ ሰው ነው። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሚኒባስ ሲነዳ ዓይኑ ከመስታወት መስታወት ይዘላል፤ ጣቱ መሪውን ይደበድባል። የሚፈራው ገደሉን እንዳይመስላችሁ፤ ትራፊክ ፖሊሱን ነው። ትርፍ ሰው ሳይጭን ውሎ አያውቅማ።

በዚያ መንገድ ሾፌር ከሾፌር የሚነጋገረው በመብራት ነበር። ከፊት የሚመጣው ብልጭ ካደረገ ትራፊክ አለ ማለት ነው። ትርፎቹ ይወርዱና ትራፊኩን በእግራቸው አልፈው ወዲያ ማዶ ይሳፈራሉ። ዘንድሮ የሾፌሮቹ ማኅበር ለሙከራ አንዲት ትንሽ ሣጥን አስገጠመ፤ መኪና ከመኪና ታነጋግራለች፣ ከፊት ያለውን አደጋ ትናገራለች ተባለ። ባንተአምላክ "ሌላ መብራት መጣልን" ብሎ ደስ አለው። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ።

ያን ዕለት ከትርፎቹ አንዷ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ነበሩ፤ እናቱ ስትሞትበት ያሳደጉት መነኩሲት። የማንኩሳን ከተማ አልፈው አንድ ኩርባ ጋ ሲቃረቡ ሣጥኗ ጮኸች፦ "ከፊት አደጋ አለ። ዳር ይዘው ይቁሙ።"

"ትራፊክ ነው" አለ ባንተአምላክ። "እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እዚች ይውረዱና ከኩርባው ወዲያ ልጠብቅዎ።"

እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ከሌሎቹ ትርፎች ጋር ወረዱ።

ኩርባውን ሲዞር ትራፊክ የለም። በቆሎ የጫነ መኪና ፍሬኑ እምቢ ብሎት፣ ክላክሱን እያስጮኸ ቁልቁል ይመጣል። ሚኒባሱን ለጥቂት ስቶት አለፈ፤ ያለፈው ወደ እማሆይ ነው። ባንተአምላክ ሚኒባሱን አቁሞ ሮጠ። ገደልኋቸው፣ ገደልኋቸው እያለ ሮጠ።

የጭነት መኪናው ማሳ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። እግረኞቹ ቦይ ውስጥ ዘለው ተርፈዋል። እማሆይ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ መቋሚያቸው አስፋልቱ ላይ ደቅቋል። ባንተአምላክ እግራቸው ሥር ወደቀ።

"ሣጥንህ ምን ብላህ ነበር፣ ልጄ?" አሉት።

"አደጋ አለ፣ ቁም አለችኝ።"

"አንተስ?"

ባንተአምላክ ክንዳቸውን ይዞ "ይነሡ፣ እንሂድ" አላቸው።

"ወንበር አለህ?"

ወንበሩ ሁሉ ሰው አለበት። አንገቱን ደፋ።

"እንግዲያ ወንበር ያለው እስኪመጣ እጠብቃለሁ" አሉ እማሆይ። ሌሎቹም አጠገባቸው ተቀመጡ።

ባንተአምላክ ብቻውን ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄዶ እማሆይ ከሚታዩበት ከኩርባው ጫፍ ቆመ፤ ሲቀበዘበዝ የኖረ ዓይኑ ከአንዱ መስታወት አልነቀል አለ። እዚያ ውስጥ እማሆይ ለሌላ መኪና እጃቸውን ዘርግተው ነበር።