«ነገ አጠፋዋለሁ»

ጋሽ ተስፋዬ የሱቃቸውን በር ከውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። «አዲሱን ገጽ በዓይኔ ሳላይ አትወጣም!»

መነጽር ቤታቸው ከፒያሳ ወደ አምስት ኪሎ ስለተዛወረ፣ ዛሬ ድረ ገጻቸውን አድሼ አዲስ ሰርቨር ላይ ጫንኩላቸው። በእኔ ስልክ አዲሱ ይታያል። በእሳቸው ኮምፒውተር ግን የፈረሰው የፒያሳ ሱቅ ፎቶ ድቅን ይላል።

«ኔትወርኩ ነው ጋሼ» አልኩ። (ኔትወርክ እንደሆነ ሲያሙት መልስ አይሰጥም።)

ኮምፒውተሩ ያስቀረውን የድሮ ገጽ ቅጂ (ካሽ) አጠፋሁ፣ የድረ ገጽ ስም ሲጠየቅ አድራሻውን የሚነግረውን ዲኤንኤስ ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ከፈትኩ። የድረ ገጹን ስም በጠየቅኩት ቁጥር ወደ ድሮው ሰርቨር ይወስደኛል። ሦስት ሰዓት ሙሉ!

በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ሌላ ቦታ ሳይጠይቅ አስቀድሞ የሚያየውን «ሆስትስ» የሚባል ፋይል ከፈትኩ። የድሮው ሰርቨር አድራሻ እዚያ በእጅ ተጽፏል፣ ከነማስታወሻው።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ለሙከራ ነው፤ ነገ አጠፋዋለሁ። ዳዊት።»

ዳዊት እኔ ነኝ። የጻፍኩት አምና ነው።

መስመሩን ሳጠፋው አዲሱ ገጽ ወዲያው መጣ። ቦርሳዬን አንስቼ በሩ ጋ ቆምኩ።

ጋሼ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። «ነገ እከፍትልሃለሁ» አሉኝ።

ይኸው እዚያው ሆኜ ነው የምጽፈው። እናንተስ «ነገ» ብላችሁ የተዋችሁት ነገር የት ላይ ያዛችሁ? አጫውቱኝ፤ ጊዜ አለኝ።